ሐል ወተት አይቀዳበትም

ለፈጅር ሶላት መነሣት።
ጀሪካኖቹን በፈላ ውሃ ማጠብ፤ በወይራ ጭስ ማጠን።
ከሽንሌ በኩል የሚመጣውን የግመል ወተት ከመኪናው ላይ መረከብ።
ከእያንዳንዱ ጀሪካን መቅመስ፤ ያልጣማትን መመለስ።
እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት መሸጥ።
በየሩብ ሰዓቱ የጀሪካኖቹን አፍና መለኪያውን ከአቧራ መጥረግ።

ከእነዚህ ሥራዎች አምስቱን ሃሊሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታቸዋለች። ስድስተኛውን ያመጣባት የቀላል ባቡሩ ግንባታ ነው። ሳቢያን ዳር በሚገኘው ሰፈሯ ፊት ለፊት መሬቱ ከተቆፈረ አሥራ አንድ ወር አልፎታል። ለሐዲዱ መደላድል የሚሆነው ጠጠር ከበሯ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ይራገፋል። ውሃ እያርከፈከፈ አቧራውን እንዲያበርድ የተመደበው ቦቴ በሳምንት አንድ ቀን ከታየ ብዙ ነው። ሕፃናቱ ሲያስሉ ያድራሉ፤ የታጠበ ልብስ ውጭ አይሰጣም፤ ባጃጅ ወደ ሰፈሩ ለመግባት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሃሊሞ እንደ ጎረቤቶቿ ችላው ነበር።

ያልቻለችው የአንድ ማለዳ ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ደንበኞቿ ተሰልፈው ሳለ፣ ገልባጭ መኪናው ጭነቱን በነፋሱ አቅጣጫ ደፋውና ወተቱ በዐይኗ ፊት ግራጫ ሆነ። አንዱን ጀሪካን አንሥታ ወደ ግንባታው በር ሄደች፤ ደንበኞቿም ተከተሏት። በሩ ላይ የቆመው የሥራው ፎርማን ቡራሌ ነበር፤ እንደ እሷው ሶማልኛ ተናጋሪ፣ የድሬ ልጅ። ጀሪካኑን ተቀብሎ አየና ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ጮኸ።

«አቦ ኤዶ! የቀላቀልሽውን ውሃ በእኛ አቧራ ልታሳብቢ ነው?»

ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው። አክስት ብሎ ጠርቶ ሌባ አደረጋት። ቀጥሎም ወተቱን ጠጠሩ ላይ ገለበጠው። «አያችሁ እንዴት ቶሎ እንደ ሰረገ? ወተት እንዲህ ይሰርጋል?» ሠራተኞቹ ሳቁ። ከደንበኞቿም የሳቀ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከደንበኞቿ እኩሌቶቹ ቀሩ። ለታመመ ባሏ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወተት የወሰደች አንዲት ሴት መለኪያውን አሻግራ እያየች «የዛሬውስ ንጹሕ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሃሊሞ በንዴት ቀዳችላት።

ጥቂት ቆይቶ በግንባታው የተጎዳውን የሚመዘግብ የካሳ ኮሚቴ ወደ ሰፈሩ መጣ። አንዱ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ሌላው የተዘጋ መግቢያ አስመዘገበ። ሃሊሞ ተራዋ ሲደርስ በሶማልኛ፣ «የፈሰሰውን ወተት ትቼዋለሁ፤ የምፈልገው ሐል ነው» አለች።

ሐል በሶማሌዎች ዘንድ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው መብት ነው። ያዋረደው ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ በእግሩ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል፤ የተናገረውንም ስድቡን በሰሙት ሰዎች ፊት ይመልሳል። መዝጋቢው ይህን አያውቅም። ለዕለቱ አስተርጓሚ ሆኖ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረ፤ አስተርጓሚው ደግሞ ቡራሌ ነበር። ቡራሌ አንድ ነገር አንሾካሾከ፤ መዝጋቢውም ጻፈ። የአማርኛ ፊደል የማትለየው ሃሊሞ አቤቱታዋ የተጻፈላት መስሏት ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የክፍያው ዝርዝር መጣ። ጎረቤቷ ካውሰር አነበበችላት።

«የንብረቱ ዓይነት፦ ሐል፣ የወተት ዕቃ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ያገለገለ። ግምት፦ ስምንት መቶ ብር።»

ካውሰር ሳቋ አመለጣት፤ የሃሊሞን ፊት አይታ ግን ዋጠችው።

«ያገለገለ ብለው ነው የጻፉት?» አለች ሃሊሞ።

አልፈርምም አለች። ጉዳት ያስመዘገቡት የአሥራ አራቱ ቤት ፋይል አንድ ስለ ሆነ፣ እሷ ካልፈረመች ለማንም አይከፈልም። የካውሰር ባል በድሩ፣ የጓዳው ግድግዳ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የወጣበት ሰው፣ በዚያው ዕለት በሯን ሳያንኳኳ ገባ።

«ኤዶ፣ ወላሂ ለአንዲት ቃል ብለሽ ግድግዳው በልጆቼ ላይ ይውደቅ? ቃል ይበላል?»

«እኔ ምን የምሸጥ ይመስልሃል? ወተት የትም አለ። ከእኔ የሚገዙት ቃሌን ነው።»

«እሺ፣ ፈርሚና ቃልሽን በኋላ ጠይቂ!»

«ሐል ተብሎ የተሰጠኝን ብር ከተቀበልኩ ሐሌ ተከፈለ ማለት ነው። የተከፈለ ነገር ሁለተኛ አይጠየቅም።»

በድሩ በሩን ወርውሮ ወጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ስምንት ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ኮሚቴው ነዋሪዎቹን በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበ። ሰብሳቢው ወረቀቱን እያወዛወዘ፣ «አንድ የወተት ዕቃ የአሥራ አራት ቤት ካሳ ያግዳል?» ሲል ሃሊሞ ተነሣች።

«ሐል ወተት አይቀዳበትም። ምን እንደ ሆነ ያ የተቀመጠው ሰው ያውቃል፤ እናቱ ያሳደገችው በሶማልኛ ነው። እሱ ይንገራችሁ!»

ሰብሳቢው ወደ ቡራሌ ዞረ። ቡራሌ ስልኩን አየ፤ ጣራውን አየ። «የባህል ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው የሰደበ... የሚክሰው ነው።»

«ታዲያ የሰደባት ማን ነው?»

ከኋላ መቀመጫ የተነሣው በድሩ ነበር።

«እሱ ነው። የዚያን ዕለት ሰልፉ ላይ ነበርኩ። እሱ ሰደባት፤ እኔ ሳቅሁ» አለ።

ሰብሳቢው ከሃሊሞ ስም አጠገብ የወተት ዕቃውንና ግምቱን በቀይ ሰረዘ። ቡራሌ ሆን ብሎ አሳስቶ መተርጎሙም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ በሰፈሩ ፊት ጠጠር እንዳይራገፍ ተወሰነ፤ ፎርማኑም ሐሉን ከፍሎ ያሳገደውን ካሳ ራሱ እንዲያስለቅቅ ታዘዘ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ በወተት ሰዓት፣ ቡራሌ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በእግሩ መጣ። በሶማልኛ ጀመረ።

«በአማርኛ» አለችው። «የሰደብከኝ በአማርኛ ነው።»

ቡራሌ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «በወተቷ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ዋሽቻለሁ። ለኮሚቴው የነገርኩትም ውሸት ነው።»

ሃሊሞ ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀመችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ቀሩት ደንበኞች፣ ስለሚያስሉት ሕፃናት፣ አክስት ብሎ ስለ ጠራበት አፉ። ንዴቷ አንድ ጠብታ አልጎደለም። ሐል ከተቀበሉ በኋላ ግን ነገሩን መልሶ ማንሣት ነውር ነው፤ ሌላውን የጠየቀችበት ሕግ ስለ ሆነ ራሷም ጠበቀችው።

«ተቀበልሽ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ተቀብያለሁ።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቀበሌ ሄዳ፣ በካሳው ዝርዝር ስሟ ባለበት መስመር ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። የቡራሌ የሐል ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።