ውሃ የጠጣው ኦፓል

በነርስነት ጅግጅጋ ተመድቤ ስሄድ አባቴ አንድ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አባቴ ወሎ፣ ደላንታ፣ ገደል እየፈለፈለ ኦፓል የሚያወጣ ሰው ነው። "ለክፉ ቀን ይሆንሻል" አለኝ። ክፉውን ቀን ደግ ቀን ቀደመው፤ የአከራዬ ልጅ ልታገባ ሆነ።

አከራዬ ገበያ ውስጥ ወርቅ የሚሸጡ ሶማሌ እናት ናቸው። እንደ ሰፈሩ ልጆች እኔም "ኤዶ" እላቸዋለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው። ታይፎይድ በጣለኝ ጊዜ ሾርባ እየሠሩ ያስታመሙኝ እሳቸውና ልጃቸው ናቸው። ድንጋዩን ለሙሽራዋ ሰጠኋት። ኤዶ ዙሪያውን በወርቅ አስከብበው ሐብል ላይ አንጠለጠሉላት። ብርሃን ሲያገኘው ቀዩና አረንጓዴው ውስጡ ይሯሯጣሉ።

በሠርጉ ዋዜማ ሙሽራዋ ሐብሉን ሳታወልቅ ፀጉሯን ታጠበች። ወደ መስታወት ስትዞር ድንጋዩ ቀለም አልባ ሆኗል። እያለቀሰች ክፍሌ መጣች፤ ኤዶም ተከትለዋት ገቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ብርጭቆ ነው እንዴ?" አሉኝ፤ ሳይቆጡ፣ ግን ዓይን ዓይኔን ሳያዩ።

"አይደለም ኤዶ። የእኛ አገር ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።"

"ለነገ ይደርሳል?"

"አይደርስም። እሳት ዳር ብናደርገው ደግሞ ይሰነጠቃል።"

በአፌ እንዲህ አልኩ እንጂ ሆዴ ፈርቷል። ኤዶ ከሱቅ ሌላ ሐብል ላምጣ ብለው ተነሡ። ሙሽራዋ እንባዋን ጠረገች።

"ይሄንኑ ነው የማደርገው" አለች። "ብርጭቆም ቢሆን እህቴ የሰጠችኝ ነው።"

እንዳለችውም አደረገችው። በሠርጉ ሴቶቹ ሲጨፍሩ እኔ ግን ዓይኔን ከአንገቷ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ከሠርጉ ሰንበትበት ብላ ሙሽራዋ በቱሊ ጉሌድ ወረዳ ካለው ባሏ ቤት ልትጠይቀን መጣች። ገና ከበር ሻሿን ገለጥ አድርጋ ሐብሉን አሳየችን። ድንጋዩ መጀመሪያ እንደ ወተት ነጥቶ፣ ከዚያ ቀለሙ ቀስ በቀስ እንደመጣ ነገረችን። ኤዶ ወደ መስኮቱ ስበዋት እያገላበጡ አዩት።

"ማሻአላህ! ወላሂ ተጠራጥሬሽ ነበር ልጄ።"

"እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ነበር" ስላቸው ሦስታችንም ሳቅን።

ለአባቴ ደወልንለት። ሙሽራዋ አመሰገነችው፤ እሱ ደግሞ "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ" እያለ ምርቃቱን ያወርደው ጀመር። ኤዶ ከጎኗ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው "አሚን፣ አሚን" ይሉለታል።