ያልተቀጠለው ቁራጭ

አክስቴ ፎቶ በነካሁ ቁጥር «ጠርዙን ያዢ!» ብለው ይቆጡኝ ነበር። የኮሪያን ዘመቻ ፊልም ቆርጠው የቀጠሉት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም።

ፊልሙ አሰላ ሲታይ አጠገቤ ልጃቸው ከዘመቻው ያልተመለሰ አንዲት የሳጉሬ እናት ተቀምጠው ነበር። ልጁ ሸራው ላይ ብቅ ሲል ፊልሙ ተበጠሰ። ከኋላችን ማሳያው ዘንድ የቆሙት አክስቴ የተበጠሰውን ለመቀጠል ወይ ከልጁ ምስል፣ ወይ ቀጥሎ ከሚመጣው የአዛዡ ምስል መቁረጥ ግድ ሆነባቸው። ሕዝቡ ያፏጫል።

«አዛዡን እንዳትነኪ፣ እንታሰራለን!» አላቸው ባልደረባቸው።

አክስቴ አዛዡን ቆረጡ። ልጁ ሸራው ላይ ተመልሶ ሳቀ።

«አየሁት! አየሁት!» አሉ እናትየው።

አክስቴ ሲያርፉ ለአርባቸው ፎቷቸውን ብንፈልግ፣ ሳጥናቸው ውስጥ ያገኘነው ያንኑ የአዛዡን ቁራጭ ብቻ ነው። የእሳቸው መልክ የትም የለም። ጠርዙን ይዤ ቀረሁ።