አባቴ ያስጠኑኝ እንግሊዝኛ

የክረምት ዝናብ የመስኮቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ በሰማሁ ቁጥር የአባቴ ድምፅ አብሮት ይመጣል፤ ረቡዕን «ዌድ፣ ነስ፣ ደይ» እያሉ እንግሊዝኛውን እንደ ሥጋ ዘልዝለው ሲያስጠኑኝ።

አባቴ ጎንደር አጠገብ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ኢየሩሳሌም ከገባን በኋላ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት በር ጠባቂ ሆነው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን ወደ ቃታሞኒም ሲመለሱ የደንብ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው፣ እንፋሎት በያዘው የመስኮት መስታወት ላይ በጣታቸው ቃላት ይጽፉልኝ ነበር። እንግሊዞች የጻፉትን ግማሹን ይውጡታል፣ ስለዚህ በጆሮሽ አትጻፊ፣ ይሉኝ ነበር። ቢላዋን «ክናይፍ»፣ ደሴትን «አይስላንድ» ያሰኙኝ ነበር፤ «ሴፓሬት» ላይ ሲደርሱ ደግሞ መካከሉን «ፓ» ብለሽ ካልረገጥሽው ይሸሽሻል እያሉ በእግራቸው ወለሉን ይረግጡ ነበር።

በጸደይ፣ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ሲዘጋ፣ በከተማው ውስጥ «ኢትዮጵያ መንገድ» ወደሚባለው ጎዳና ይዘውኝ ይሄዱና ከቤቶቹ በር በላይ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የግዕዝ ፊደል አንድም ሳያስቀሩ ያነቡልኝ ነበር። እዚያ አባቴ በር ጠባቂ አይመስሉም ነበር፤ ለዚህም ያን መንገድ እወደው ነበር።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁ በጥቅምት፣ ሀክታቫ በምንለው የቃል ጽሕፈት ፈተና ሌሎቹ የሰሙትን እየጻፉ ሲሳሳቱ አንድም ያልሳትኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። መምህርቷ ተነሥቼ ቃላቱን እንዳነብ ስታዘኝ፣ ከደስታዬ ብዛት በአባቴ አነባበብ «ክናይፍ» ብዬ ጀመርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

በዚያው ሳምንት የወላጆች ቀን ነበር። እንደ ሰፈራችን ልጆች ሁሉ አስተርጓሚ ሆኜ፣ ለዚያ ቀን ብለው ኮት በለበሱት በአባቴና በመምህርቷ መካከል ተቀመጥኩ። መምህርቷ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያስጠናኝ አባቴን እንድጠይቅላት ነገረችኝ። እኔ ግን ወደ እሳቸው ዞሬ እንኳ ሳላይ በዕብራይስጥ መለስኩላት።

«ማንም አያስጠናኝም።»

ለአባቴ ደግሞ ጎበዝ ናት እያለች ነው ብዬ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መምህርቷን አመሰገኑ። ሰውን በዕብራይስጥ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የሚውሉ ሰው ያን ያህል ቃል እንደማያጡ ማሰብ ነበረብኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ያገሩ ክረምት ከነብርዱ ገብቶ መስታወቱ እንፋሎት ሲይዝ አልጻፉበትም፤ እኔም ደብተሬን ይዤ አልቀረብኩም። አፍሬባቸው ነበር፤ በማፈሬም አፈርኩ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩም ዓመታት አለፉ።

ዛሬ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ባልደረቦቼ የመድኃኒት ስም አጻጻፍ ሲጠፋቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እኔም በልቤ እንደ አባቴ ዘልዝዬ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት፣ አማርኛ እምብዛም የማትችለው ልጄ ለሀክታቫ ስታጠና፣ አጠገቧ የተቀመጡትን አባቴን እኔን እንዳስጠኑኝ እንዲያስጠኗት ለመንኳቸው። 

«ይስቁባታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለ ክፍሉ ሳቅ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለምን እንደካድኳቸው ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁት ኖሯል። ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ልጄ ዞርኩና፣ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያኔ በካድኳቸው በዚያው በዕብራይስጥ ነገርኳት።

«እኔን ያስጠኑኝ አያትሽ ናቸው።»

የዛሬው ቤታችን መስታወት እንደ ድሮው እንፋሎት አይዝም። ልጄ ወረቀትና እርሳስ አመጣችላቸው።