ጎተራው ለምን ከቤት ወጣ?

ይህ የሆነው አምና ክረምት፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

መሥሪያ ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው። በየቀበሌው እየዞርኩ ምን አደጋ እንደሚያሰጋ፣ ገበሬው ያለ እርዳታ ራሱን ችሎ ስንት ወር እንደሚኖር ጠይቄ ቅጽ እሞላለሁ። ያን ዕለት የመጨረሻዬ ቤት የአያ ስመኝ ነበር፤ ከዳገት ሥር የተጠጋ ቤት። ደክሞኛል፣ መኪናው እንዳያመልጠኝም ልቤ ተንጠልጥሏል።

«ጎርፍ ያሰጋዎታል?»

«ተመስገን፣ ደኅና ነን።»

«ናዳስ?»

«እሱ ይጠብቀናል ልጄ።»

«እህልስ?»

«እስከ መኸር ይበቃናል። ጎተራው ግን ከጎረቤት ነው።»

ሁሉንም «ስጋት የለም» ብዬ ሞላሁ። ምራታቸው ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰምቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያት ወጣሁ።

ግማሽ መንገድ ስደርስ ያ ጎተራ አላስኬድ አለኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! በጭቃና በእበት የተሠራ ጎተራ ካለበት ሲያነሡት ይሰነጠቃል፤ ሰው በደኅናው ጊዜ ከቤቱ አያወጣውም። መኪናው ገደል ይግባ ብዬ ተመለስኩ።

አያ ስመኝን ጓሮ አገኘኋቸው። ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ እጄ እስከ ክርኔ ይገባል። ስንጥቁ መስፋቱን በየጠዋቱ የሚያዩበት ችካል ተክለዋል።

«እህሉን አሽሽተው ሰው ያስቀምጣሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

አንገታቸውን ደፉ። «አራስ ናታ! በዚህ ዝናብ አውጥተን ብርድ ይግባት? ምች ይምታት? ክርስትናው እስኪደርስ ብለን ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በእንግድነት መጥተሽ፣ ገና አረፍ ሳትይ ጭንቄን ላሸክምሽ?»

ሮጬ ጎረቤት ጠራሁ። አራሷን ከነሕፃኗ በጋቢ ጠቅልለን፣ በቃሬዛ ተሸክመን፣ እመቤቴን እየጠራን ጎተራው ካለበት ቤት አስገባናት። አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ዳገቱ ወርዶ የቤቱን ጓዳ በልቶታል፤ አራሷ ተኝታበት የነበረውን። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።

አያ ስመኝ እየደወሉ ይመርቁኛል። ምርቃታቸው ግን አያሳርፈኝም። በዚያ ሳምንት የጎበኘኋቸውን ቤቶች ሁሉ ተመልሼ አየኋቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት «ተመስገን» ስላሉኝ ብቻ «ስጋት የለም» ብዬ ያለፍኳቸውስ? የአንዳቸውም ጎተራ የት እንዳለ አልጠየቅኩም።