አስራ አንድ ተቀባይ

ሀይደር ሾላ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይሸጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ አስር ሰዓት ሲል ሱቁን ዘግቶ መንዙማ ሊቀበል ይሄድ ነበር።

የመንዙማውን ጀማ ያቋቋሙት ሼህ ጣሃ ናቸው። ከወሎ በቃላቸው ይዘው የመጡትን ግጥም እሳቸው ያወጣሉ፣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል። በአራት ሰው ተጀምሮ ሠላሳ ደረሰ። የሰፈሩ ሰርግ ያለ እነሱ አይደምቅም ነበር። ሼሁ ታዲያ ግጥሙን ማንም እንዲጽፍ፣ በስልክም እንዲቀዳ አይፈቅዱም። «ከአፍ ወደ አፍ ካልሆነ በረካው ይቀራል» ይላሉ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ጀማው ተበተነ። ሼሁ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲል ሐሙስም ቀረ። ለሀይደር ግን ይደውላሉ።

«ሀይደርዬ፣ ና ግጥሙን ልስጥህ። ከኔ ጋር አፈር ሊገባ ነው።»

«አብሽሩ ሼሃችን፣ በመጪው ሐሙስ ኢንሻአላህ።»

«ያንተ ሐሙስማ ከረመዳንም ይርቃል!» ብለው ይስቃሉ።

ሀይደር ቀኑን የሚገፋው ሰንፎ አይደለም። እሳቸው በሕይወት እያሉ ቦታቸውን መመኘት መስሎት አፍሮ ነው።

ሼሁ ለረመዳን ሳይደርሱ ሞቱ።

በዓመቱ ልጃቸው ሪሀና ልታገባ ሆነና ሱቁ ድረስ መጣች።

«ጋሽ ሀይደር፣ የአባቴን መንዙማ ሳልሰማ ከቤት አልወጣም። እርስዎ አሉልኝ አይደል?»

«አለሁ ልጄ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

የሰርጉ ቀን ከጀማው አስራ አንድ ሰው ተገኘ። ከመካከላቸው ሐምዛ የድቤውን ቆዳ ፀሐይ ላይ አሙቆ መታው። ሀይደር ተነስቶ አዝማቹን ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ድንኳኑ እንደድሮው ሞቀ። ከዚያ ግጥሙ መምጣት ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ በሃያ ሁለት ዓመት የያዘው አዝማቹን ብቻ ነው። ዞሮ አዝማቹን አለ። ተቀበሉት። ደግሞ ያንኑ አለ።

ሐምዛ ጠጋ ብሎ «አውጣ እንጂ ሰውዬ!» አለው።

«አንተ ታውቀዋለህ?»

«እኔማ ተቀባይ ነኝ!»

ሀይደር ዞር ዞር ብሎ ሁሉንም አየ። ሁሉም አይን አይኑን እያዩ ግጥሙን ይጠብቃሉ።

ድቤው ቀስ እያለ ቆመ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ስልኩን ስፒከር ላይ ሰክቶ የተቀዳ የነሺዳ ዜማ ከፈተ። ሰው አጨበጨበ።

ሙሽራው እጇን ሲይዛት ሪሀና አንዴ ወደ ሀይደር አየት አደረገች፤ አልተቆጣችም። የአባቷን መንዙማ ሳትሰማ ከቤት ወጣች።