ለእማዬ የማሳየው ፀጉር

"እህቴ፣ የምጎነጉነው ፀጉር የለሽም" አለችኝ ሹሩባ ሠሪዋ፣ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየች። ሎንዶን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም ሰምተዋል። ማበጠሪያውን ግንባሬ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ስትስበው፣ ድሮ ፀጉር የነበረበት ቦታ ባዶ ቆዳ ሆኖ ያበራል። "ከዚህ በላይ ከወጠርኩት የቀረውንም እነቅለዋለሁ። ሐኪም አማክሪ" ብላ ፎጣውን ከትከሻዬ ላይ አነሳችው። ተናድጄ ወጣሁ። እውነቷን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

እዚያ ያላችሁ "ሎንዶን ገብታ ስለ ፀጉሯ ታለቅሳለች" ትሉኝ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ግን የኔ ፀጉር የኔ ብቻ አይደለም፤ ላስረዳችሁ።

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ደላላው ደግሞ ዓረብ አገር ጥሩ ቤት አለ አለን። እማዬ ማታውን እግሯ ሥር አስቀምጣኝ፣ መንገድ ላይ እንዳይፈታብሽ ብላ ዓይኔ እስኪሳብ ድረስ ወጥራ ሠራችኝ። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ሲሰናበተኝ አንዷን ሹሩባ ጎተት አድርጎ፣ እኔንም ውሰጂኝ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ለሁላችንም ቀልድ ነበር።

ዓረብ አገር የሠራሁባት ሴትዮ ምግብ ውስጥ ፀጉር ካገኘች ቤቱ ይናወጣል። ስለዚህ ሻሽ በሻሽ ላይ አጥብቄ እያሰርኩ፣ ከሥሩ ፀጉሬን ጥርቅም አድርጌ እየያዝኩ ዓመታት አለፉ። በኋላ ለዕረፍት ሎንዶን ሲመጡ ልጆቹን እንድይዝ ይዘውኝ መጡ። አንድ ቀን ልጆቹን ለእናታቸው አስረክቤ፣ ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጣሁና አልተመለስኩም።

የጥገኝነት ቃሌን የተቀበለኝ ሰውዬ ፎቶዬን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ ያያል። ፎቶው ላይ ፀጉሬ እንደ ጃንጥላ ነው። "ይቺ አንቺ ነሽ?" አለኝ። "ነበርኩ" አልኩት። አስተርጓሚው በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ እዚህ ቤት ቀልድ አይገባቸውም። አዎ ብላለች ልበልልሽ?" አሉኝ። ይበሉልኝ አልኳቸው። ፈቃዱ ከብዙ ጥበቃ በኋላ መጣ።

አሁን የምሠራው ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ነው። የተፈጨ እንቁላል በማዮኔዝ ተለውሶ በባልዲ ይመጣል፤ እኔ ዳቦ ላይ አድርጌ አሳልፋለሁ። ክፍሉ ፍሪጅ በሉት። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ ይሄ ግን ክረምት የለው በጋ የለው። የምኖረው ካሌዶኒያን ሮድ፣ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ጴንጤ ሴትዮ ጋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ኦርቶዶክስ መሆኔን ይቅር ብለውኛል፤ ሳህን ሳላጥብ መውጣቴን ግን አላለፉኝም።

ወደ ፀጉሩ ልመለስ። ቢኒያም ከእኔ በኋላ በሱዳን በኩል ወጣ። ሊቢያ ገብቻለሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሞቷል የሚል የለም፣ አየሁት የሚልም የለም። በዚህ መሃል የእማዬ ጎረቤት እትዬ አልማዝ ልጃቸው ባሕር ላይ ቀረ። ቤተሰቡ መርዶውን ደበቃቸው፤ ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል እያለ ከረመ። ሌላዋ ልጃቸው ግን ከቤሩት በቪዲዮ ስትደውል ሻሿ ተንሸራተተና ለሐዘን የተላጨ ራሷ ታየ። እትዬ አልማዝ የልጃቸውን ሞት የሰሙት እንደዚያ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ እሁድ እሁድ ስደውል ሰላም እንኳን ሳትለኝ "ሻሽሽን አውልቂ" ትላለች። አወልቃለሁ። ፀጉሬን ታይና ተመስገን ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው በልተሻል ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው የሚለው የሚመጣው። ገባችሁ? እኔ ራስ ላይ ፀጉር እስካለ ድረስ ለእማዬ ቢኒያም በሕይወት አለ።

ስለዚህ ፋርማሲ ሄድኩና ሚኖክሲዲል የሚባለውን አረፋ ገዛሁ። ጠዋትና ማታ ራስ ቅል ላይ ይቀባል። መጀመሪያ ላይ ይብስ ያረግፋል፤ አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ ስለሚያወጣው ነው ተባልኩ። ፋብሪካ ስንገባ ልብሳችን ላይ ፀጉርና ብናኝ እየለጠፈ የሚያነሳ ሮለር ያንከባልሉብናል። የፈረቃው አለቃ ጀርባዬን ቼክ ካደረገ በኋላ ሮለሩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ድመት ታሳድጊያለሽ ወይ አለኝ። አላሳድግም አልኩት። ታዲያ ይሄ የማን ነው ሲለኝ የኔ ነው አልኩት፤ ሁለተኛ የፀጉር መረብ ደርቦ ሰጠኝ።

ግን ሠራ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ከወራት በኋላ አናቴ ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር በቀለ። ጉንጬ ላይም በቀለ፣ ያልጠራሁት። የሰፈሬ ሐኪም፣ እዚህ ጂፒ ይሏታል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ በአረፋው ፋንታ የዚያኑ መድኃኒት ክኒን፣ በትንሽ መጠን ሞከረችልኝ። ድሮ ለደም ግፊት የተሠራ ነው፤ የልብ ምት ከተለወጠብሽ ወይም እግርሽ ካበጠ ንገሪኝ አለች። በሻሽና በሹሩባ ብዛት ሥሩ የሞተው የግንባሬ ዳር ግን በምንም እንደማይመለስ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሌላም ክኒን እንዳለ፣ እሱን እየወሰዱ ማርገዝ እንደማይቻል ጨመረችልኝ። ልጅ አሁን አላሰብኩም፤ ግን አትችይም ስባል ወዲያው አማረኝ።

እትዬ ዘውዴ ደግሞ አንድ ቀን የወንድማቸው ልጅ ለመላጣው የሚውጠውን ክኒን በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። "ጸልዬበታለሁ፣ በእምነት ዋጪው" አሉኝ። ጂፒዋ ስትሰማ ደነገጠች፤ የወንዶች ነው፣ የሚያረግዙ ሴቶች የተሰበረውን በእጃቸውም መንካት የለባቸውም አለች። እዚህ ያላችሁ እህቶቼ፣ እንደ ሽሮና በርበሬ መድኃኒት አንከፋፈል። ክኒኑን ስመልስላቸው እትዬ ዘውዴ ተቀየሙኝ።

የኔው ክኒን ደህና ሠራ። እማዬ እሁድ ዕለት በዛልሽ፣ ወዛ ብላ እልል አለች። በዚያው ሰሞን ግን ልቤ ቁጭ ባልኩበት እንደሮጠ ሰው መምታት ጀመረ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ለጂፒዋ አልነገርኩም፤ ብነግራት አቁሚ ልትል ነው። አንድ ቀን ትሪ ይዤ ስዞር ወለሉ ወደ እኔ መጣ። ስነቃ እንቁላሉ ላዬ ላይ ነው፣ አለቃው አጠገቤ ተንበርክኮ ውሃ ይዟል፤ ስለ ድመት አልጠየቀኝም።

ጂፒዋ ልቤን አስመረመረችና ክኒኑን አቁሚ አለች። ካቆምኩ የበቀለው በጥቂት ወራት ይረግፋል። ወደ አረፋው ልመለስ ስላት፣ ልብሽ እስኪረጋ እሱንም አልሰጥሽም አለች።

ስለ እናቴ ነገርኳት። ፀጉርሽ የረገፈው በሌላ ምክንያት መሆኑን ለምን አታስረጂያትም አለችኝ።

"እኛ አገር የሚያስረዳ ሰው ነው የሚደብቀው" አልኳት። አልገባትም፤ አልፈርድባትም።

ክኒኑን ካቆምኩ እማዬ በየእሁዱ እየሳሳ ሲሄድ እያየች በየእሁዱ ልትሞት ነው። ካላቆምኩ አንድ ቀን እኔ ፋብሪካው ወለል ላይ ልቀር ነው፤ ያኔ ሁለት ልጅ ታጣለች። ዊግ አስቤ ነበር፤ ግን ሳብ አድርጊው ትለኛለች፣ አውቃታለሁ። በአንድ ጊዜ ልቆርጠውና አስቀድሜ በቃሌ ልነግራት ወሰንኩ። ከቤታችን በታች ያለው ፀጉር ቆራጭ እሁድም ይሠራል።

ደወልኩ። እማዬ ስልኩን እንደ ሁልጊዜው በስኳር ጣሳው አስደግፋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻሼን አወለቅኩ። ተመስገን አለች። ሳታጣጥመው ገባሁበት፤ መድኃኒቱን፣ ልቤን፣ መውደቄን፣ ፀጉሬን ዛሬ ልቆርጥ መሆኑን ነገርኳት።

ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ማንም ምንም አልነገረኝም እማዬ። አሞኝ ነው።"

"አልማዝንም ያልናት አሞት ነው ነበር። እኔው ነኝ የነገርኳት፣ በዚህ አፌ።"

"ይሄ ግን እውነት ነው። ስለ ቢኒያም የሰማሁት ነገር የለም። በማርያም።"

"ማርያምን አትጥሪ።"

"እሺ። የሐኪሟን ወረቀት ልላክልሽ?"

"ወረቀት ማን ያነብልኛል? አልማዝ?" አለችና ልትስቅ ሞከረች። ቀጥላ እግሬን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኩን ወደ ቁርጭምጭሚቴ አወረድኩና እብጠቱን በጣቴ ተጫንኩላት፤ ጉድጓዱ ቀረ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ልብሽንስ እውነት ይመታሻል?"

"ይመታኛል።"

"በቃ ቁረጪው" አለች። "አንቺን የሚገድል ፀጉር ይቅርብኝ። አምኜሻለሁ።"

ይህን እያለች ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ጥለቱን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው፤ ወደ ላይ ገለበጠችና ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"እማዬ፣ ነጠላሽን መልሺው።"

"በርዶኝ ነው፣ ልጄ" አለች።

"መልሺው እባክሽ።"

"በርዶኝ ነው አልኩሽ። በይ ሂጂ፣ ሳይዘጋብሽ።"

ስልኩን እሷ ዘጋችው። ጃኬቴን ለበስኩ። ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ሻሽ ሳላስር ወጣሁ።