ከዳክዬ የሚደበቅ ሰው

ይህ ነገር ቁጭ ብለው የሚጽፉት ታሪክ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ በሰው ላይም ጥይት አልተተኮሰበትም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ከዚህ የከበደ ነገር እንድጽፍ የሚጠበቅብኝ ይመስለኛል። ቢሆንም ስለ አስመራ ልጽፍ ስነሣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኸው ነው።

ታላቅ ወንድሜ እዳጋ ሓሙስ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሽማግሌውን ሁላችንም ሲኞሬ እንላቸዋለን። በበጋ ዳክዬዎች ከባሕር ማዶ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግድብ ላይ ያርፋሉ። ሲኞሬ ፈቃድ ያለው የአደን ጠመንጃና አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበሯቸው። ዳሩ ግን እጃቸው ደክሞ መቅዘፊያውን ስለሚያንኳኩ ዳክዬዎቹ ገና ከሩቅ ይነሡባቸዋል። ስለዚህ ጀልባዋን የሚሸፍን መደበቂያ እንዲሠራላቸው ወንድሜን ለመኑት።

ወንድሜ ወፍራም ሽቦ አጎበጠና ከጀልባዋ ጎንና ጎን አሰረው። በላዩ ጆንያ ዘረጋን። እኔ ደግሞ በጆንያ መርፌ ቄጠማና ሸምበቆ እየሰፋሁ አለበስኩት። መመስገን ስለምወድ እንደ ሰፌድ አስተካክዬ ሰፋሁት።

ወንድሜ ዞሮ አየውና ሳቀ። «አንቺ፣ ዳክዬዎቹ ሊከራዩት ነው እንዴ? በይ አበላሺው!»

ግማሹን ፈታሁት። የፊቱ ክፍተት ግን ቄጠማ አልይዝ አለ። ወንድሜ መደበር፣ አሮጌ ብረትና የተጣለ ዕቃ ሁሉ የሚሸጥበት ገበያ፣ ሄዶ የተቀዳደደ አረንጓዴ መረብ ይዞ መጣ። የወታደር ካሚዮን የሚሸፈንበት መረብ ነበር። እኛ ከተማ የወታደር በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የወታደር ጎማ ጫማ ይሆናል። ስለዚህ ማናችንም አላሰብንበትም።

በየካቲት አንድ እሑድ ማለዳ ወንድሜና ሲኞሬ መደበቂያው ውስጥ ገብተው ወደ ውሃው ራቅ አሉ። እኔ ምሳቸውን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። በዚያ ሰሞን ሽፍታ ገባ እየተባለ በከተማው መውጫ፣ በቤት ጊዮርጊስ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ ይፈተሽ ነበር። ወታደሮች በግድቡ አናት ላይ ብቅ አሉ። አንደኛው ከቄጠማው መሐል የወጣውን አፈሙዝ አየና ተንበርክኮ አነጣጠረ።

ሲኞሬ ጆሯቸው ስለማይሰማ አልተንቀሳቀሱም። ወንድሜ ደግሞ ብድግ ካለ እንደሚተኩሱበት ገብቶታል። ከሦስታችን አማርኛ ደህና አድርጌ የምችለው እኔ ነበርኩ።

«ማነው እዚያ ውስጥ?» አለኝ አሥር አለቃቸው ወደ እኔ ወርዶ።

«ወንድሜና አሠሪው ናቸው፣ ጌታዬ። እያደኑ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተደበቁ?»

እውነቱን አሟልቼ ከተናገርኩ የምንተርፍ መሰለኝ። «ከዳክዬዎቹ ነው የተደበቁት።»

«ከዳክዬ!» ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ጠመንጃ የያዘ ሰው ዳክዬ ፈርቶ ተደበቀ!»

«ሊበሏቸው ነው፣ ጌታዬ።»

«የትኛው ክርስቲያን ነው ዳክዬ የሚበላ?»

«ጣሊያን ይበላል» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ያነጣጠረው ወታደር ጣቱን ከቃታው አላነሣም።

በመጨረሻ ሁለት ባዶ እጆች ከቄጠማው መሐል ቀስ ብለው ወጡ። «ኣይትተኩሱ! አትተኩሱ!» አለ ወንድሜ።

ቀዝፈው ዳር ሲደርሱ አሥር አለቃው መረቡን ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የኛ ነው። ከየት አመጣኸው?»

«ካብ መደበር። ገዝቼው ነው።»

የሲኞሬን ፈቃድ አይተው እሳቸውን ለቀቁ። ወንድሜን ከነመደበቂያው ወደ ጦር ሰፈር ወሰዱት። በዚያ ጊዜ እዚያ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ሲኞሬና እኔ በሩ ላይ ደጅ ጠናን። በመጨረሻ የጦር ሰፈሩ አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ አስገቡን። የሲኞሬን ቃል እያስተረጎሙኝ ሰሙና እንዲህ አሉ።

«ዕቃው እውነት ለዳክዬ ከሆነ ዳክዬ ይቀርበዋላ። ከወንድምሽ ጋር አብሬ እገባለሁ። ካልቀረበ ግን ወንድምሽ ስለ መረቡ ሌላ ቦታ ይጠየቃል።»

ጦር ሰፈሩ ውስጥ ቄጠማው ቢጫ ሆኖ ነበር። ግድቡ ዳር አዲስ አጭጄ መልሼ ሰፋሁት፤ ስቸኩል ሲኞሬ «ፒያኖ፣ ፒያኖ»፣ ቀስ በይ፣ እያሉ ክሩን ያዙልኝ። ሻምበሉና ወንድሜ ገቡ። ዳክዬዎቹ በወዲያኛው ዳር ነበሩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከኋላዬ አንድ ወታደር አስነጠሰና መንጋው በሙሉ ተነሣ።

«አንተ ከይሲ!» አለው ጓደኛው በሹክሹክታ። «የሰው ነፍስ ይዘህ ታስነጥሳለህ?»

መንጋው ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ጀልባዋ አጠገብ ውሃው ላይ አረፈ። ማንም አልተኮሰም።

ሻምበሉ ጫማቸው ውሃ ሞልቶ ወጡ። «አንዷ ዓይን ዓይኔን እያየች አለፈች» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አልታወቀኝም። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ሂድ። መረቡ የመንግሥት ስለሆነ ይቀራል። አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ጦር ሰፈር እየመጣህ ትታያለህ።»

ሲኞሬ ጀልባዋን ሸጡ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ይሄድ ነበር፤ እናታችን እስኪመለስ እህል አትቀምስም ነበር። አንድ ቀን ከወትሮው ቀድሞ ተመለሰና «ከእንግዲህ አትምጣ ተባልኩ» አለን። ቅዳሜ፣ ሰኔ 17 ቀን 1959 ዓ.ም. ነበር።